ሸክላና አመድ በአንድ ጉድጓድ፦ የጓሳን የተራራ መስክ አፈር ስለ መግለጽና ስለ መመደብ



በማስታወቂያው ላይ የተለጠፈው ርእስ ረዘም ያለ ስለሆነ ጉዳዩን በአጭሩ ልናገረው፦ ዛሬ የማወራችሁ ስም ስለ በዛበት አንድ አፈር ነው። አንዱ የአመዳደብ ሥርዓት አንድ ስም ይሰጠዋል፤ ሌላው ሌላ ይሰጠዋል፤ በላዩ ላይ ከብት የሚያሰማራው ሰው ደግሞ በሦስተኛ ስም ይጠራዋል። ሦስቱም ስሕተተኞች አይደሉም፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

በፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት የላስቲክ ከረጢቶች ይታዩአችኋል። አፋቸው ጥብቅ ብሎ የታሰረው አፈሩ እንዳይደርቅ ነው። ለምን መድረቅ እንደሌለበት እመለስበታለሁ።

ናሙናዎቹ የመጡት ከጓሳ ነው። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኝ፣ ከፍታው በግምት ከ3200 እስከ 3700 ሜትር የሚደርስ የተራራ መስክ ነው። በምዕራብ በኩል መሬቱ ወደ ገብስ ማሳዎች ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በምሥራቅ ጫፉ ግን ድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወድቃል። ከገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ጀርባውን ለጅብራና ለጓሳ ሣር ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ስምጥ ሸለቆው ያደርጋል። ሕዝቡ መስኩን በቄሮ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ሲጠብቀው ኖሯል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር እንዲያገግም ሲባል መስኩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። ይህ ለአፈር ተመራማሪ ትልቅ ስጦታ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ማረሻ ያልገለበጠው እንዲህ ያለ ሰፊ መስክ በአገራችን በቀላሉ አይገኝም።

ወደዚያ የሄድኩት ስሙን አስቀድሜ ይዤ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች የተጻፉ ጽሑፎች፣ በተለይም ሃንስ ሁርኒ በስሜን ተራሮች ያደረጋቸው ጥናቶች፣ ከ3000 ሜትር ገደማ በላይ ያለውን አፈር አንዶሶል ይሉታል። ይህ በስሜን ጉድጓድ ተቆፍሮ የተገኘ ዕውቀት ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ የከፍታው መስመር ብቻውን ተነጥቆ ወደ ሌሎች ተራሮች ተሻገረ። በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ «የጥናቱ አካባቢ» በሚለው ክፍል «የአካባቢው አፈር አንዶሶል ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ታገኛላችሁ፤ ከጀርባው ግን አንድም ጉድጓድ የለም። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ጽፌያለሁና ፍርዴ ራሴንም ይጨምራል።

ስለ ካርታው ስፋትም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1984 በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ የተዘጋጀው የኢትዮጵያ የመሬት ቅርጽና የአፈር ካርታ 1 ለ1,000,000 ነው። በዚህ ካርታ ላይ አንድ ሚሊሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ጓሳ ሙሉውን የአውራ ጣት ጥፍር ይሸፍነዋል። ካርታው ለተሠራበት ዓላማ፣ ማለትም ለአገር አቀፍ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ፣ ትልቅ ሥራ ነው። ኮረብታውን ከጨፌው እንዲለይልን መጠየቅ ግን የማይችለውን መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስንቆፍር አብረውን የነበሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። አባባ እያልን ነበር የምንጠራቸው። እኔ ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ጥቁር አፈር ቆርሼ በጣቶቼ መካከል ሳሸው አይተው ሳቅ አሉና፣ «ልጄ፣ አፈር በእጅ አይታወቅም፤ በእግር ነው የሚታወቀው» አሉኝ። ቀጥለውም በሦስት አቅጣጫ አመለከቱ። እታች ጨፌው ዘንድ ያለው ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይይዛል፤ በበጋ አፉን ይከፍታል። እላይ ጓሳው ሥር ያለው ቀሊል ነው፤ ቢረግጡት ይሰምጣል፤ ነገር ግን እግር ይለቃል። ስለ መካከለኛው ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና፣ «እሱ እንደ ዘመኑ ነው» አሉ። ይህን ቃል በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ለዚህ ቃል ማብራሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ስሙ እንግባ። አንዶሶል የሚለው ቃል ከጃፓንኛ የመጣ ነው፤ «አን» ጥቁር፣ «ዶ» አፈር ማለት ነው። ቃሉ ወደ ሳይንሱ የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን የአፈር ቀያሾች በጃፓን በሠሩበት ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመው የአሜሪካ የአፈር ታክሶኖሚ እነዚህ አፈሮች ገና ራሳቸውን የቻሉ አልነበሩም፤ «አንዴፕት» ተብለው በኢንሴፕቲሶል ሥር ተመድበው ነበር። ጋይ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ራሳቸውን የቻሉ ክፍል እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ፤ የኒውዚላንዱ ማይክል ሊሚ የመራው ዓለም አቀፍ ኮሚቴም ለዓመታት ከመከረበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 «አንዲሶል» የሚለው ክፍል ጸደቀ። ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ለዓመተ ምሕረቱ ብዬ አይደለም። የክርክሩ ፍሬ ነገር ለእኛ ጉድጓድ ስለሚያስፈልገን ነው፦ አፈሩ የሚሰየመው በትውልዱ ነው ወይስ በጠባዩ? ኮሚቴው የመለሰው «በጠባዩ» ብሎ ነው። ከአመድ መወለድ ብቻውን አያበቃም፤ ከአመድ አለመወለድም አያስቀርም። በቀዝቃዛና እርጥብ ተራራ ላይ ከባዛልት የተወለደ አፈርም የአንዲክ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል።

ጠባዩ ምንድን ነው? የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ሥርዓት ያለው የክሪስታል አደረጃጀት ስለሌለው ቶሎ ይፈርሳል። ሲፈርስ የሚወጣው አሉሚኒየምና ሲሊካ ክሪስታል ለመሆን ጊዜ ሳያገኝ አሎፌን የሚባል ማዕድን ይሆናል፤ የአሎፌን ቅንጣት ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ስፋቱ ከ5 ናኖሜትር የማይበልጥ ኳስ ነው። ከእሱ ጋር ኢሞጎላይትና ፌሪሃይድራይት ይገኛሉ፤ አፈሩ አሲዳማ በሆነበትና ብስባሽ በበዛበት ቦታ ደግሞ አሉሚኒየሙ ከብስባሹ ጋር ተጣምሮ ይቀራል። እነዚህ ሁሉ ውሃ ያከማቻሉ፤ ፎስፌት ይይዛሉ፤ አፈሩንም ቀሊል ያደርጉታል። መስፈርቶቹ ከዚህ የተወሰዱ ናቸው፦ በኦክሳሌት የሚሟሟው አሉሚኒየምና የብረቱ ግማሽ ተደምረው ቢያንስ 2 በመቶ፤ እፍግታው በኩቢክ ሴንቲሜትር ከ0.90 ግራም ያልበለጠ፤ ፎስፌት የመያዝ አቅሙ ቢያንስ 85 በመቶ። የመስክ ቀለበታችን 100 ኩቢክ ሴንቲሜትር የሚይዝ ስለሆነ፣ በምድጃ ከደረቀ በኋላ በውስጡ ያለው አፈር ከ90 ግራም መብለጥ የለበትም ማለት ነው። አባባ «ቀሊል ነው» ያሉትን ሚዛኑ በቁጥር ይናገረዋል። ብዙ ሥርና ብስባሽ ያለበት የመስክ አፈርም ቀሊል ስለሆነ ግን በሚዛን ብቻ መፍረድ አይቻልም።

እዚህ ላይ ነው የዛሬው ርእስ ሁለት ቃላት የሚጣሉት። «ሸክላማ» እና «አመድ ያረፈበት» የሚሉትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ በአንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ግን ከባድ ነው። ሸክላን የምንለካው ቅንጣቶቹን በሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት በትነን፣ በውሃ ውስጥ የሚዘቅጡበትን ፍጥነት በማስላት ነው። ዘዴው ቅንጣቶቹ እንደሚበተኑ ያምናል። የአሎፌን ቅንጣቶች ግን ተጣብቀው ይቀራሉ፤ በተለይ አፈሩ አንዴ ከደረቀ በኋላ ዳግመኛ ውሃ ቢጠጣም ወደ ቀድሞ ጠባዩ አይመለስም። ሸክላው እንደ ደለል፣ አልፎም እንደ አሸዋ ሆኖ ይዘቅጣል። የአሜሪካው ታክሶኖሚ ይህን ስለሚያውቅ ለእንዲህ ያለ አፈር የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላን መቶኛ ትቶ በሌሎች መደቦች ይተካዋል፤ ለምሳሌ ከመካከላቸው አንዱ፣ በ1500 ኪሎፓስካል ግፊት ሥር፣ ማለትም ተክል በሚጠወልግበት ደረጃ፣ ያልደረቀው አፈር የራሱን ደረቅ ክብደት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ውሃ እንዲይዝ ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አውቀው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ግን እንደ ለመድነው በቆርቆሮ ላይ አሰጥቼ፣ በፀሐይ አድርቄ፣ ቀጥቅጬ፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ነፍቼ ነበር የላክሁት። ውጤቱ ሲመለስ በእጄ ከባድ ሸክላ የነበረው የመካከለኛው ጉድጓድ አፈር በወረቀቱ ላይ ለም አሸዋማ መሬት መስሏል። ላብራቶሪው ናሙና ቀያይሯል ብዬ ተቆጣሁ፤ በደብዳቤም ጠየቅሁ። የመለሱልኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ናሙናው ሲላክ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ?» ከዚያ በኋላ ለመከራከር የሚያበቃ ነገር አልነበረኝም። አንድ ሙሉ የመስክ ወቅት በቆርቆሮ ላይ ደርቆ ቀረ። ከረጢቶቹ የታሰሩት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ገና ጉድጓዱ ውስጥ ሳለን ምን ማድረግ እንችላለን? ሁለት ነገር። አንደኛው ጣት ነው። እርጥቡን አፈር በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል አጥብቃችሁ እሹት። ተራ ሸክላ እንደ ሊጥ ይለጠጣል፤ ሲጫኑት ይጠነክራል፤ በጣት ላይም ይቀራል። የአንዲክ ጠባይ ያለው አፈር ግን መጀመሪያ ጠጣር መስሎ ይቆይና በድንገት እጅ ይሰጣል፤ ውሃ አውጥቶ እንደ ቅባት ያንሸራትታል፤ ግፊቱ ሲቆም ተመልሶ ይረጋል። ሁለተኛው ፊልድስና ፔሮት እ.ኤ.አ. በ1966 በኒውዚላንድ ያቀረቡት የሶዲየም ፍሎራይድ ፍተሻ ነው። በፊኖልፍታሊን የተነከረ የማጥለያ ወረቀት ላይ ጥቂት አፈር አድርጋችሁ የሶዲየም ፍሎራይድ ሙሌት ጠብታ ትጨምሩበታላችሁ። ፍሎራይዱ በአሉሚኒየሙ ላይ የተቀመጠውን ሃይድሮክሲል ያፈናቅላል፤ ፒኤች ከ9.5 በላይ ይወጣል፤ ወረቀቱም ይቀላል። ይህ ግን ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። ኖራ ያለበት አፈርም ወረቀቱን ያቀላዋል። ደግሞም ሶዲየም ፍሎራይድ መርዝ ነው፤ ጓንት አድርጉ፤ ጠርሙሱንም ከምሳ ዕቃችሁ አርቁ። ይህን የምለው በከንቱ እንዳይመስላችሁ።

ታዲያ ጓሳ ላይ አመድ አለ? በአጠገቡ እሳተ ገሞራ አለና አመድ አለ ብሎ መደምደም አይቻልም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ ያየነውን አስታውሱ፦ ከፍ ብሎ የወጣው አመድ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ሄደ። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ወሰደው፤ በምዕራብ ያለው ደጋችን ግን አልነካውም ማለት ይቻላል። አመድ ርቀትን ሳይሆን ነፋስን ይከተላል። በሌላ በኩል፣ ከጓሳ ሥር ያለው የ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የደጋችን የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው፤ በዚያ ዐለት መካከል የጥንት የአመድ ድንጋይ ንብርብሮች አሉ። ስለዚህ በአፈሩ ውስጥ የብርጭቆ ቅንጣት ቢገኝ እንኳ ጥያቄው አላለቀም፤ ከሰማይ የመጣ ነው ወይስ ከሥር?

ለዚህ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ከ0.02 እስከ 2 ሚሊሜትር ያለውን ክፍል ለይታችሁ በተሻገሩ ፖላራይዘሮች መካከል ብታዩት ፌልድስፓሩና ፓይሮክሲኑ ሲያበሩ ብርጭቆው ይጨልማል። ፖላራይዘሩ ሲነሳ የተሰበረ አረፋ ቅርፁ ይታያል፤ ጠርዙ የተሳለ፣ ግድግዳው ቀጭን ነው። እንዲህ ያለ ትኩስ ጠርዝ ያለው ቅንጣት ከሥር ካለው ከበሰበሰው ጥንታዊ ዐለት የመጣ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ብርጭቆ ያን ያህል ዘመን በአፈር ውስጥ አይቆይምና። በላይኛው ጉድጓድ እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች አግኝተናል፤ ብዙ አልነበሩም፤ ግን ነበሩ። የተለየ የአመድ ንብርብር ግን አላየንም። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ርቀት መሄድ አያስፈልግም፤ ከጉድጓዱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ፍልፈል አፈር እያወጣ ነበር። ፍልፈል ባለበት መስክ አንድ ጣት የማይሞላ የአመድ ንብርብር ለዘመናት ሳይነካ ይቀመጣል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው። አመዱ ቢወድቅም ከሌላው ጋር ተቦክቷል።

አሁን ሦስቱን ጉድጓዶች ከላይ ወደ ታች ልውሰዳችሁ።

የላይኛው በጓሳ ሣር ሥር፣ በኮረብታው ትከሻ ላይ ነው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ በሙንሰል መጽሐፍ እርጥቡ 10 ዋይ አር 2/1፤ ፍርፍር፤ ሥር የሞላበት፤ ጣት ላይ የሚያንሸራትት፤ ወረቀቱን ወዲያው የሚያቀላ። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም። አንዶሶል ነው፤ የስሜን ጽሑፎችም የሚሉት እውነት ነው።

የታችኛው ጨፌው ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው። ከሥሩ ሸክላው በሸክላ ላይ ተንሸራቶ ያበጃቸው የሚያብለጨልጩ ገጾች አሉ። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ዋልካ ነው፤ ቨርቲሶል። አባባ ያለ ወረቀት የነገሩን ነው።

መካከለኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ከላይ ወደ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ጥቁርና ቀሊል ነው፤ ወረቀቱን ያቀላዋል፤ ጣት ላይም ያንሸራትታል፤ ግን ከላይኛው ጉድጓድ ይልቅ ይጣበቃል። ከዚያ በታች ቀለሙ ወደ ጥቁር ቡና ይለወጥና ክብደት ያለው ሸክላ ይመጣል፤ የጓሉ ገጽ ትንሽ ያብለጨልጫል፤ በሥሮቹ ዙሪያ የዝገት ነጠብጣብ አለ፤ ወረቀቱም በዝግታ ሐምራዊ ከመሆን አያልፍም። ከሥሩ የበሰበሰ ባዛልት ይገኛል። በሸክላው መካከል ደግሞ ክብ የጥቁር አፈር ኪሶች አሉ፤ ፍልፈሉ ቆፍሯቸው ከላይ በወረደ አፈር የተሞሉ ጉድጓዶች ናቸው። ያንን ኪስ ለይታችሁ ብትፈትኑት ወረቀቱን ያቀላዋል፤ በአጠገቡ ያለውን ሸክላ ብትፈትኑት አያቀላውም። ናሙና ወሳጁ አካፋውን ያሳረፈበት ቦታ ስሙን ይወስናል ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ በጋው ነው። አሎፌን እንዲቆይ አፈሩ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ሲሊካው መታጠብ አለበት። በመንዝ ክረምቱ ያጥባል፤ በጋው ግን ያቆማል። አፈሩ ሲደርቅ ሲሊካው በውስጡ ይከማቻል፤ ሲሊካ በበዛበት ደግሞ አሎፌን ሳይሆን ሃሎይሳይት የተባለው ክሪስታላማ ሸክላ ይፈጠራል። ከላይ ታጥቦ የሚወርደው ሲሊካና ካልሲየም በሚጠራቀምበት ጨፌ ስሜክታይት ይፈጠራል፤ ዋልካን ዋልካ የሚያደርገው እሱ ነው። እንግዲህ የመካከለኛው ጉድጓድ ሸክላ ከፊሉ የአመድ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የአባቱን ጠባይ ግን ትቷል። ትውልዱን ብንጠይቀው አመድ ይላል፤ ጠባዩን ብንጠይቀው ሸክላ ይላል። አባባ «እንደ ዘመኑ ነው» ያሉት ስለ ዓመቱ ወቅት ነበር፤ በረጅሙ ዘመንም እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወደ መመደቢያው ስንሄድ ነገሩ ይከርራል። የመመደቢያ ቁልፍ ሰልፍ ነው፤ አፈሩ ከፊት ጀምሮ እያንዳንዱን በር ያንኳኳል፤ መጀመሪያ የተከፈተለት በር ስሙ ይሆናል። በዓለም አቀፉ የአፈር ማጣቀሻ ሰልፍ ቨርቲሶልና ግላይሶል ከአንዶሶል ይቀድማሉ። በአሜሪካው ታክሶኖሚ ደግሞ አንዲሶል ከቨርቲሶል ይቀድማል። ስለዚህ በጨፌው ዳር ያለ፣ ከላይ የአንዲክ ጠባይ፣ ከሥር ስንጥቅና የሚያብለጨልጭ ገጽ ያለው አፈር መስፈርቶቹን ሁሉ ቢያሟላ፣ በአንዱ መጽሐፍ የዋልካ፣ በሌላው የአመድ አፈር ቤተሰብ ይሆናል። ውሃ ተኝቶበት ግራጫ የሆነ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው መጽሐፍ ግላይሶል ተብሎ «አንዲክ» የሚለው ቅጽል ይከተለዋል። አፈሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ለመካከለኛው ጉድጓድ የሚወስነው ውፍረት ነው። በዓለም አቀፉ ማጣቀሻ አንዶሶል ለመባል የአንዲክ ወይም የቪትሪክ ጠባይ ያላቸው ንብርብሮች ድምር ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። የእኛው ንብርብር «ወደ 30 ገደማ» ነው ብያለሁ። በጉድጓዱ ቀኝ ግድግዳ ይበልጣል፤ በግራው ያንሳል። የፍልፈሉን ኪሶች ብንደምር ይሞላል፤ ብንተው አይሞላም። መመሪያው አማካይ ወሰን እንድጽፍ ያዘኛል፤ እኔም ወሰኑ የተወላገደ መሆኑን፣ የትኛው ግድግዳ ምን እንደሆነ፣ ኪሶቹ ስንት እጅ እንደሚሆኑ በዝርዝር ጽፌዋለሁ። እናንተም እንዲህ አድርጉ። የመመደቢያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ አራት ጊዜ ታትሟል፤ የ2022ቱ እትም የመጨረሻው ይሆናል ብሎ የሚያስብ የለም። ስሙ በአዲስ እትም ሲቀየር ተመልሶ ሊሰየም የሚችለው በሚገባ የተገለጸ ጉድጓድ ብቻ ነው። ደብተሩ ላይ «አንዶሶል» ብቻ የጻፈ ሰው ግን ለሚቀጥለው ትውልድ ምንም አላስቀመጠም።

ከእናንተ አንዱ «ስሙ ምን ቢሆን ለገበሬው ምን ይጨምርለታል?» ብሎ ቢጠይቀኝ አልቆጣም። የጓሳ ዙሪያ የገብስ አገር ነው። ዋልካ ለተባለ መሬት የሚሰጠው ምክር ውሃውን አንጣፍፍ ነው። አንዶሶል ለተባለ መሬት የሚሰጠው ምክር ፎስፈረሱን ጠብቅ ነው፤ የምትጨምረውን ማዳበሪያ አፈሩ ራሱ ይይዘዋልና። በመካከለኛው ጉድጓድ ሁለቱም ችግሮች አሉ፤ ከላይ ፎስፌቱ ይያዛል፤ ከሥር ውሃው ይተኛል። አንዱን ስም ብቻ የያዘ ባለሙያ ግማሹን ይመክራል። የሰሜን ሸዋ ገበሬ አፈሩን ከኩበት ጋር ከምሮ አቃጥሎ ገብስ ይዘራ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሳህለመድህን ሰርጹና ፔድሮ ሳንቼዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት አፈር ሲሞቅ የሸክላው መጠን እንደሚቀንስና ለተክል የሚደርሰው ፎስፈረስ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ልማዱ ብስባሹን ስለሚጨርስ አልደግፈውም፤ ገበሬው ግን የአፈሩን ሁለቱንም ችግሮች፣ መጣበቁንም ድህነቱንም፣ ከእኛ ቀድሞ እንዳየ አልክድም።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። «የእሳተ ገሞራ አፈር» የሚለው ቃል በሰው ጆሮ «ለም» ተብሎ ይሰማል። የላይኛው መስክ አፈር ጥቁርና ቀሊል ነው፤ ለማረሻ ይመቻል፤ ያስጎመጃል። ነገር ግን ጓሳው ተነቅሎ ፀሐይ በቀጥታ ያገኘው ዕለት በእኔ ቆርቆሮ ላይ የሆነው በመስኩ ላይ ይሆናል። አንዴ የደረቀው አይመለስም፤ ወደ ደረቅ ፍርፋሪ ይለወጣል፤ ውሃ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል፤ ነፋስና ጎርፍም በቀላሉ ይወስዱታል። ከመስኩ የሚወርደውን ውሃ የሚጠጡት ደግሞ ከታች ያሉት ናቸው። ስለዚህ የመካከለኛው ተዳፋት ላይ የሚደረገው ቅየሳ፣ የአንዲክ ንብርብሩ የት ይጀምራል፣ የት ያልቃል የሚለው፣ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ማረሻው የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያሳይ መስመር ነው።

የመካከለኛው ጉድጓድ መዝገብ እዚህ አለ። የስሙ ቦታ እስካሁን በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ የኦክሳሌቱ ውጤት ከእርጥቡ ናሙና ተሠርቶ ሲመጣ አስተካክለዋለሁ ወይም በእስክሪብቶ አጸናዋለሁ። እስከዚያው ድረስ ከረጢቶቹን እፈታለሁ። የውሃ ማሰሮው በስተግራ ነው፤ እጃችሁን አርጥባችሁ በየተራ ኑና እሹት፤ የትኛው ከየትኛው ጉድጓድ እንደሆነ አልጻፍኩባቸውም። ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።